ከግድግዳው ወዲያ ያለ ሐዘን

ጠባብ ቤት ተከራይቶ ሰፊ ቴሌቪዥን የገዛ የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ አናጺው ይታገሱን ያውቀዋል። መምህሩም፣ ነርሱም፣ የቢሮ ሠራተኛውም አልጋ ከገባባት በኋላ መላወሻ ያጣች ክፍሉን ያሳየውና «እዚች ላይ ሲኒማ ቤት ሥራልኝ» ይለዋል። ይታገሱ አይስቅም። ሜትሩን ይዘረጋል፣ አልጋው ላይ ተቀምጦ ያያል፣ ጋደም ብሎም ያያል፤ ከዚያ ሄዶ በዋንዛ እንጨት ግድግዳ ሙሉ መደርደሪያ ያበጃል። ቴሌቪዥኑ ከመሐል፣ ስፒከሮቹ ግራና ቀኝ በየሣጥናቸው፣ ከሥር ደግሞ ሲዘረጋ ጠረጴዛ፣ ሲታጠፍ የመደርደሪያው በር የሚሆን ሰሌዳ። ባለቤቱ «ቤቴን እኮ አሰፋህልኝ» ይለዋል። ይታገሱ ምስጋና ይወዳል፤ ሲያመሰግኑት እስከ ጆሮው ነው የሚስቀው።

ሙያው ግን ከሰማይ አልወረደለትም። የቋሪት ልጅ ነው፤ ከገበዝ ማርያም ማዶ። ለትምህርት ቡሬ ሲገባ ዘመድ አልነበረውምና አናጺው ጋሼ ገነነ መጀመሪያ ከሥራ ቤታቸው፣ ሰጋቱራው ላይ አስተኙት፤ ክረምቱ ሲብስ ቤታቸው አስገቡት። ባለቤታቸው እትየ እናኑም ከልጃቸው ከያምሮት ለይተው አላበሉትም። ትምህርቱ እየራቀ፣ መላጊያው እየቀረበ ሄደና ይታገሱ አናጺ ሆኖ አረፈው።

ጋሼ ገነነ ለየሻይ ቤቱ የስፒከር ሣጥን የሚሠሩ ሰው ነበሩ። የበግ ጠጉር አጥበው፣ አድርቀውና አፍታተው ሣጥኑ ውስጥ ይጎዘጉዛሉ፤ ከዚያ በጣታቸው አንጓ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ያንኳኩታል። «ሣጥኑ ዝም ይበል፤ የሚናገረው ሌላ ነው» ይሉ ነበር። ሥራቸውን ሰው ቤት ሲያስገቡ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ድምፁን ከመክፈታቸው በፊት ወደ ደጅ ይወጡና ጎረቤት ሐዘን አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ካለ ሣጥኑ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል፤ ያሠራው ሰው ቢቆጣም ይቆጣ። ይታገሱ ይህን ሁሉ ተምሯል። ጠጉሩንም፣ ማንኳኳቱንም ይዞ ፍኖተ ሰላም ገባና የራሱን ሥራ ቤት ከፈተ። ጎረቤት መጠየቁ ግን ከሥራ መብዛት ጋር ቀስ በቀስ ተረሳው።

ጋሼ ገነነ ኅዳር ላይ ሞቱ። ወሬው ለይታገሱ የደረሰው በዚያው ጧት ነው። ያን ሰሞን መንገድ ዝግ ነበር የሚለው ሰበብ ለብዙ ሰው ሠርቷል፤ ለእሱ ግን አይሠራም፤ የዚያን ቀን የቡሬ ሚኒባስ ረዳቱ እየተጣራ በሥራ ቤቱ ደጅ ሲያልፍ በገዛ ጆሮው ሰምቷል። እጁ ላይ የሙሽሮች ቤት መደርደሪያ ነበር፤ ሰዎቹም ይነዘንዙታል። ለሠልስቱ እደርሳለሁ አለ። ለሠልስቱ ቫርኒሹ አልደረቀለትም። እንግዲያው ለአርባው አለ። አርባው ሲመጣ ግን መደርደሪያውም ቫርኒሹም የሉም፤ ሰበብ የሚባል ነገር አልቆበት ነበር። ቀብር ያልቆመ ሰው በአርባው ምን ብሎ ይገባል? የት ነበርህ ሲሉት ምን ይላል? በሰማንያው ደግሞ ይኸው እፍረት አርጅቶ፣ ሥር ሰዶ ጠበቀው።

የጎጃም ሰው ሠርጉ ላይ የቀረበትን ያኮርፋል፣ ውሎ አድሮም ይታረቃል። ለቅሶ የቀረ ግን፣ ያውም አብልቶ ያሳደገውን ሰው ለቅሶ የቀረ፣ በየት በኩል ዞሮ ይገባል? ይታገሱ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ቡሬን ተዋት። ዋንዛ ሲፈልግ በሰው ያስመጣል። መናኸሪያ አካባቢ የቡሬ ሰው ሲያይ፣ ሳይደወልለት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ የሰፈሩን ሰው ሽሽት ከማያውቀው ባጃጅ ገብቶ፣ «ወዴት ነው?» ሲባል የሚሄድበት አጥቶ ሆስፒታል ድረስ ሄዷል። ሰው በዚህ ይስቃል። እሱ ግን ባጃጁ ውስጥ ሳለ ራሱን ጠልቶ ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሄቨን የምትባል የሁለተኛ ደረጃ መምህርት አሠራችው። ከባሕር ዳር የመጣች ተጫዋች ልጅ ናት። የተከራየችው ክፍል ባንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በስሚንቶ ተለስኗል፤ ከጎረቤት የሚያስነጥሰው ሰው ይሰማል። በሩ ጠባብ ስለሆነ ይታገሱ እንጨቱን ቆራርጦ አምጥቶ እዚያው ገጣጠመው። ሳምንቱን በሙሉ በክፍሏ ውስጥ ሲያፏጭ፣ ሲያንኳኳ፣ በስልክ ከደንበኞቹ ጋር ሲቀልድና ሲስቅ ሰነበተ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ሄቨን ወደ ትምህርት ቤት እየወጣች፣ እሷ ሳትመጣ ድምፁን እንዳይከፍተው አስጠነቀቀችው። እሱ ግን እሷ ቀድማ መስማት ፈልጋ ነው ብሎ ገመተ።

አናጺ ወንበር ሠርቶ ሳይቀመጥበት ይቀራል? ይታገሱም አላስችለው አለ። የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀ፣ ሣጥኖቹን በጣቱ አንጓ ዞረ፤ ዝም ብለዋል። ስልኩን አገናኘና ወቅቱ የሠርግ ነውና አንድ የሠርግ ዘፈን መረጠ፤ ከበሮው የሚደልቅ፣ እልልታው የበዛ። ከፈተው። ከበሮው ሲመታ ሣጥኑ ንቅንቅ አላለም፤ ድምፁ ብቻ ጥርት ብሎ ክፍሉን ሞላው። ጨመረ። አሁንም አልተንቀጠቀጠም። ይታገሱ በደስታ ትከሻው አላርፍ አለውና ብቻውን ከሄቨን አልጋ አጠገብ እስክስታ መታ።

ሄቨን እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ ሮጣ ገባች። መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለችው። ከዚያ ነው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሐዘንተኛ እንዳለ የነገረችው። ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ በቅርቡ ተዛውራ እዚህ ቢሮ የምትሠራ ልጃቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ ከቡሬ አምጥታቸው ነው።

ይታገሱ ቡሬ የሚለውን ሲሰማ የቀረውን ሳይነገረው አወቀው። ግን ጠየቀ፤ ምናልባት ሌላ ሰው ይሆናል ብሎ።

«እማማ እናኑ» አለችው ሄቨን። «አንተን ያውቁሃል እኮ። የመጀመሪያ ቀን ስታንኳኳ ሰምተው፣ ሠራተኛው ማነው ብለው ጠየቁኝ። ስምህን ነገርኳቸው።»

ለምን እንዳልነገረችው ሲጠይቃት፣ እንዳትነግረው፣ ለልጃቸውም እንዳታነሣ ለምነዋት እንደነበር ነገረችው። በሰው ተጎትቶ ቢመጣ ምን ያደርግልኛል፣ እግሩ ካወቀው ራሱ ይምጣ ብለዋታል። ሳምንቱን በሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እሱ ሲያፏጭ ሰምተዋል። በስልክ ሲስቅ ሰምተዋል። እዚህ መሆናቸውን አያውቅም ብለው አልገመቱም፤ ግቢው አንድ ነው፣ ሐዘኑም የታወቀ ነው፤ እያወቀ የተወ ነው የሚመስለው። በመጨረሻም በጋሼ ገነነ ሣጥን አሠራር የሠርግ ከበሮ አስደለቀባቸው። ይታገሱ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬቷ ግን ስሚንቶ ነበረች፤ ሄቨንም ቆማ ታየዋለች።

መላጊያውንና መዶሻውን ሰብስቦ በጓሮ መውጣት እንደሚችል አስቦ ነበር፤ አስቦ ነበር ማለት ይገባል። እግሩ ግን ወደ ጎረቤት በር ወሰደው። ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከደጅ ጀምሮ ድምፁን አሰምቶ ያለቅሳል፤ ወጉ እንዲህ ነው፤ የዘገየ ሰው ደግሞ አብዝቶ ነው የሚያለቅሰው። ይታገሱ በሩ ላይ ቆመና እንባ ጠበቀ። አልመጣለትም። ዓይኑ ደርቆ እንደ እንጨት ቀረ። እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ በባዶው ሊጮህ ቃጣውና በራሱ አፈረ፤ የማታለሉ ነገር እስከዚህ ድረስ መዝለቁን ሲያይ ደነገጠ። እንባ ሳይኖረው፣ ቃል ሳይኖረው፣ በሩን ገፍቶ ገባ።

እትየ እናኑ ጥቁር ለብሰው፣ ጠጉራቸው አጭር ተቆርጦ፣ መሬት ከተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው እንዝርት ያሾሩ ነበር። ከስተዋል። ይታገሱ ወድቆ ጉልበታቸውን ሳመ። «እትየ» አለ።

«ይታገሱ ነህ? ግባ ልጄ፣ ግባ» አሉት። አልገሠጹትም። ጠጉሩን ዳሰስ አደረጉትና፣ «ሣጥኑ አልተንቀጠቀጠም፤ እየሰማሁት ነበር። ገነነ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር» አሉ።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስድብ ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል፣ ከዚያም ይቅርታ ይጠይቃል፣ ነገሩም አንድ ደረጃ ይደርሳል። ሰው በሐዘኑ ላይ ዘፈን ተዘፍኖበት አሠራሩን ካመሰገነ ግን ምን ተብሎ ይመለሳል? ከይታገሱ አፍ የወጣው የለመደው ነገር ነበር፤ ሥራ። አልጋ እንደሌላቸው አይቶ የዋንዛ አልጋ እንደሚሠራላቸው ተናገረ። ከራስጌው መጽሐፍ ማስቀመጫ ይኖረዋል። ግድግዳው ላይ የልብስ ቁምሳጥን ያቆምላቸዋል። የጋሼ ገነነን ፎቶግራፍ በወይራ ክፈፍ አድርጎ፣ እዚህ ጋ፣ ብርሃኑ በሚመታው በኩል ይሰቅለዋል። እጁን እያወናጨፈ፣ ክፍሉን በዓይኑ እየለካ ቀጠለ።

«ይታገሱ» አሉት እትየ እናኑ። «ሥራ አልጠየቅሁህም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ያን ጊዜ ገባው። ከኅዳር ጀምሮ የጎደለው ይኸው ነበር፤ መጥቶ እኚህ ሴትዮ አጠገብ መሬት ላይ መቀመጥ፣ ምንም ሳይሠሩ፣ ምንም ሳይናገሩ። ከእሱ በቀር ሰዉ ሁሉ ያደረገው ነገር ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ሳያየው አጠፋው። እትየ እናኑ ይፈትላሉ። ጋሼ ገነነ እንዴት እንደሞቱ ሳይጠይቃቸው ነገሩት፤ ሦስት ቀን ብቻ እንደታመሙ፣ ስለ ሥራ ሲቃዡ እንደነበር። የይታገሱን ስም ይጥሩ አይጥሩ ግን አልነገሩትም፣ እሱም ለመጠየቅ አልደፈረም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ያምሮት ከቢሮ ገባች። ጥቁር ለብሳለች። ይታገሱን ስታይ ቦርሳዋን ጥላ አቀፈችው፤ አለቀሰችም። እሷ ስታለቅስ እሱ ትከሻዋን ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ነበር። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ቂም የለም። ይህ ግራ አጋባው።

«ያን ጊዜ ሳላገኝህ ሄድህ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «እማየ ባትነግረኝ ኖሮ ቀረ ብየ እቀየምህ ነበር። በቀብሩ ማግሥት ጧት ሰው ሳይነሣ መጥተህ፣ መቃብሩ ላይ ብቻህን አልቅሰህ፣ ለእማየ እጅ ነሥተህ ወደ ሥራህ ተመለስህ አለችኝ። ለሰፈሩም እንዲሁ ነው የነገረች። ሰዉ ሁሉ መርቆሃል።»

ይታገሱ ወደ እትየ እናኑ ዞረ። እሳቸው እንዝርታቸውን ነው የሚያዩ። ሰው ይታገሱ የት ቀረ ባለ ቁጥር የልጁ ስም እንዳይጠፋ ብለው ያላዩትን አየሁ ሲሉ የኖሩ ሴት፣ አሁን ዓይናቸውን ቀና አላደረጉም። መናኸሪያ ሲያያቸው የሚሸሻቸው የቡሬ ሰዎች እንኳን ሊወቅሱት፣ ይመርቁት ነበር ማለት ነው። ግማሽ ዓመት ሙሉ ከምርቃት ነበር የሸሸው።

ያምሮት አልጨረሰችም። ስለ አባቷ ደስ ብሏት ነው የምታወራው፤ የመቃብሩን ነገር አነሣች። «አጥር አበጅተንለታል፤ ጥድም ተክለንበታል። አንተ ስታየው ባዶ አፈር ነበር፣ አይዶል?»

የሚመልሰው አንድ ቃል ነው። አይደለም ቢል አሮጊቷን በልጃቸው ፊት ውሸታም ማድረጉ ነው፤ ይህን አስቦ ነው ለራሱ ምክንያት የሰጠው። ምክንያቱ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ግማሹ ሌላ ነው፤ ምስጋናው ጣፍጦት ነው። ባልሄደበት ለቅሶ መመስገን፣ ባላለቀሰው እንባ መመረቅ ጣፈጠው።

«አዎ» አለ። «ባዶ አፈር ነበር።»

የእትየ እናኑ እንዝርት ቆመ። አልተቆጡም። ያዩበት ዓይን ግን ሲገባ ያዩበት ዓይን አልነበረም። እሳቸው ሲዋሹለት የኖሩት እሱ በሌለበት ነው፤ እሱ ሲመጣ ይበቃል ብለው ይሆናል፤ አሁን ግን አጠገባቸው ተቀምጦ፣ በገዛ ምላሱ፣ በባላቸው አፈር ላይ ዋሸ። እንዝርቱንና ጥጡን ሰብስበው ከፍራሹ ሥር አደረጉና፣ «መሸብህ። በል ሂድ ልጄ፣ ደንበኞችህ ይጠብቁሃል» አሉት።

ይታገሱ ተነሣ። እግዜር ያጥናችሁ ሲል ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። ያምሮት ልትሸኘው እስከ በሩ ተከተለችው፤ እየመጣህ ጠይቀን፣ ወንድም የለኝ፣ እያለች። ጫማውን ለማጥለቅ ጎንበስ አለ። ማሰሪያው አልታሰር አለው። ከበሩ ቢወጣ ነገሩ በዚሁ ያልቅለታል። እንደ ጥሩ ሰው ይኖራል። ቡሬም በነፃነት ይመላለሳል፤ ዋንዛውን ራሱ መርጦ ይገዛል፤ ሰዉም ይመርቀዋል። ጎንበስ እንዳለ፣ ሳያያት ተናገረ።

«ያምሮት፣ መቃብሩን አላየሁትም። በየት በኩል እንደሆነም አላውቅ። አልመጣሁም።»

ያምሮት አልገባትም መሰለ፤ ወደ እናቷ ዞረች።

«እኔ ነኝ ያልሁ» አሉ እትየ እናኑ ከተቀመጡበት። «በበላበት ቤት ስሙ በክፉ ሲነሣ መስማት አልወደድሁም።»

ያን ጊዜ ነው እንባው የመጣ። በሩ ላይ ሲጠብቀው እምቢ ያለው፣ አሁን ማንም ሳይጠራው መጣ። አንድ ጫማ አጥልቆ፣ አንዱን ይዞ፣ ደፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁ ግቢውን እስኪሞላ አለቀሰ። ጎረቤቶች ከየበራቸው ወጡ። ሄቨንም ወጣች። ለቅሶ ደራሽ የመጣ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙም ነበሩ። ለጋሼ ገነነ እንዳላለቀሰ ግን እሱም ያውቃል፣ እትየ እናኑም ያውቃሉ።

«አልቅስ» አሉት፤ መጥተው ከኋላው ቆመዋል። «ለገነነ ባይሆንም አልቅስ።»

ያምሮት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆይታ ነበር። ቅድም ያቀፈው እጇ አሁን ወደ እሱ አልተዘረጋም። እንባው ጋብ ሲልለት ተናገረች።

«እሁድ ቡሬ እሄዳለሁ» አለችው። «ና፤ መቃብሩን አሳይሃለሁ።»

ይህን ስትለው ግን አላየችውም።